የማያውቁት ሰው በግል ግቢ ፎቶ ሲያነሣ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሕጉ ከአገር አገር በሚለያይበት ቦታ የየትኛው አገር እንደሆነ ተጠቅሷል፤ ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንድ የማላውቀው ሰው ግቢዬ ገብቶ ፎቶ አነሣ። ማንሣቱ ራሱ ሕገወጥ ነው?

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ማንሣቱ ሳይሆን መግባቱ ነው። ባለቤት ሲናደድ ነገሩን ሁሉ ጠቅልሎ አንድ በደል ያደርገዋል፤ ሕግ ግን ለያይቶ ይጠይቃል። ሰውዬው የቆመው የት ነው? ሌንሱ ያየው ምንድን ነው? ምስሉስ በኋላ የት ዋለ? በአንዱ ንጹሕ ሆኖ በሌላው የሚጠየቅ ሰው ብዙ ነው።

ይህ መለያየት የቆየ ነው። የጀርመን ቻንስለር የነበረው ቢስማርክ በሐምሌ 1898 ፍሪድሪክስሩ በሚገኘው ቤቱ ሲሞት ሁለት ፎቶ አንሺዎች በሌሊት አስከሬኑ ወዳለበት ክፍል ሾልከው ገቡና አነሡት። በጊዜው በጀርመን ሰው በገዛ ምስሉ ላይ መብት አለው የሚል ሕግ አልነበረም። ስለዚህ ፍርድ ቤቱ በ1899 ምስሉ እንዲጠፋ ሲወስን የተመረኮዘው በሥዕሉ ይዘት ላይ ሳይሆን፣ ሰዎቹ ያለፈቃድ ሰው ቤት ገብተው ያገኙት በመሆኑ ላይ ነው። የምስል መብትን የሚደነግገው ሕግ የወጣው ከዚያ በኋላ በ1907 ነው።

መግባቱ ምን እንደሚያስከትል እንደየአገሩ ይለያያል። በእንግሊዝ አጥር አልፎ መሬት ላይ መቆም በመሠረቱ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ደግሞ፣ በተለይ ክልከላውን እያወቀ ከገባ፣ ቀላል ወንጀል ይሆናል።

ሳይገባ መንገድ ላይ ቆሞ ቤቴን ቢያነሣስ?

ደስ ባይልም ብዙውን ጊዜ መብቱ ነው። ከሕዝብ መንገድ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ የሚታይ የቤት ፊት ለካሜራም ይታያል። የጀርመን የፌዴራል ፍርድ ቤት በ1989 እንዲህ ያለ ፎቶ ለንግድ ቢውል እንኳ የቤቱ ባለቤት ሊከለክል እንደማይችል ወስኗል። ከአጥር በላይ ለማየት መሰላል ያቆመ ሰው ግን መንገደኛ መሆኑ ቀርቷል።

ፈረንሳዮች በዚህ ጉዳይ ላይ ሐሳባቸውን ቀይረዋል። በ1944 የተባበሩት ኃይሎች ኖርማንዲ ሲያርፉ ቀድመው ነፃ ካወጧቸው ቤቶች አንዱ የሆነ ካፌ ነበረ፤ ፎቶው በፖስት ካርድ ላይ ሲሸጥ ባለቤቷ ከሰሱ፣ የሰበር ፍርድ ቤቱም በ1999 የንብረታቸው ምስል የእርሳቸው ብቻ ነው አለ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ2004 ሩዋን ከተማ ስላለ አንድ ታሪካዊ ሕንፃ በቀረበ ክርክር ይኸው ፍርድ ቤት አቋሙን ለወጠ። ባለንብረት በንብረቱ ምስል ላይ ብቸኛ መብት የለውም፤ መቃወም የሚችለው ምስሉ ከተለመደው ያለፈ ሁከት ሲያስከትልበት ነው። ለእኔ ሁለተኛው ውሳኔ ትክክል ይመስለኛል። የመጀመሪያው ቢጸና ኖሮ የከተማ ፎቶ የሚያነሣ ሰው በየበሩ ማንኳኳት ሊኖርበት ነበር።

ያነሣው ሰው ለሌብነት እያጠና ቢሆንስ?

ሊሆን ይችላል፤ ግን በብዛት የሚገጥመው ሌላ ነው። የቤት ሽያጭ ደላላ፣ የኢንሹራንስ ገማች፣ የግብር ተመን ሠራተኛ፣ የሕንፃ ጥበብ ተማሪ፣ ወይም ልጅነቱን በዚያ ቤት ያሳለፈ ሰው ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን የሚያሳየው ያነሣው ነገር ነው። የቤቱን ፊት ያነሣ ሰው ቤቱን ወዶታል፤ የበሩን ቁልፍ፣ የካሜራዎቹን አቀማመጥና የጓሮ መውጫውን ያነሣ ሰው ግን ሌላ ፍላጎት አለው። ሁለተኛውን ካዩ ሳይከራከሩ የመኪናውን ሰሌዳ፣ ሰዓቱንና አለባበሱን ይጻፉ፣ ለፖሊስም ያሳውቁ።

ሲያነሣ ባገኘው ምን ልበለው?

በጥያቄ ይጀምሩ። «ጤና ይስጥልኝ፣ ምን ልርዳዎት?» የሚለው ከማንኛውም ዛቻ የተሻለ ይሠራል፤ ተሳስቶ የገባው ይቅርታ ጠይቆ ይወጣል፣ ሌላ ሐሳብ ያለው ደግሞ መታየቱን ያውቃል። ከዚያ ሦስት ነገር በግልጽ ይንገሩት፦ ቦታው የግል መሆኑን፣ ማንሣቱን እንዲያቆም፣ እንዲወጣም። ቀድሞ በስሕተት ገብቶ ቢሆን እንኳ «ውጣ» ከተባለ በኋላ መቆየቱ ስሕተት አይባልም፤ በብዙ አገሮች ጉዳዩን የሚያጠነክረው ይህች ቅጽበት ናት።

እየተነጋገራችሁ እርስዎም በራስዎ ስልክ ቢቀርጹት መልካም ነው። በገዛ ግቢዎ ቆመው ነውና የሚቀርጹት ያለፈቃድ ገባ የሚልዎት የለም። የቀረጹትን ግን በማግሥቱ «ይህን ሌባ እወቁልኝ» ብለው በይነመረብ ላይ አይለጥፉት። ሰውዬው ሌባ ካልሆነ ተከሳሹ እርስዎ ይሆናሉ።

ስልኩን ነጥቄ ፎቶውን ላጥፋው?

በፍጹም። የእርሱ ጥፋት አጥር ማለፍ ነበር፤ እጅ ካሳረፉበት የእርስዎ ጥፋት አካል መድፈርና ንብረት መንጠቅ ይሆናል፤ ይህ ደግሞ በየትኛውም አገር ሚዛን ላይ ከአጥር ማለፍ ይከብዳል። ይዞ የማቆየት ሥልጣንም በጣም ጠባብ ነው፤ በር ቆልፎ «ሳታጠፋ አትወጣም» ማለት ከሕገወጥ እገታ ሊቆጠር ይችላል።

ማጥፋቱ ደግሞ አይጠቅምም። በብዙ ስልኮች የተሰረዘ ፎቶ ለ30 ቀን ያህል በተሰረዙት ማኅደር ውስጥ ይቆያል፤ ከዚያ በፊትም ወደ ደመና ማከማቻ ተልኮ ሊሆን ይችላል። ተሳክቶልዎት ሙሉ በሙሉ ቢጠፋ ደግሞ የጠፋው ማስረጃዎ ነው። «እባክዎ ያጥፉልኝ» ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ ብዙ ሰው እሺ ይላል። እምቢ ካለ ጉዳዩ የፖሊስና የፍርድ ቤት ነው።

ምልክት መለጠፍ ይጠቅማል? ምን ብዬ ልጻፍ?

ይጠቅማል፤ ዋና ጥቅሙም ሰውን ማስፈራራቱ ሳይሆን «አላወቅሁም» የሚለውን ምክንያት መዝጋቱ ነው። «የግል ይዞታ። ያለፈቃድ መግባትም ሆነ ፎቶ ማንሣት ክልክል ነው» የሚል በቂ ነው፤ ከሥሩ ፈቃድ የሚጠየቅበት ስልክ ቁጥር ቢኖር ደግሞ ጨዋው ሰው ደውሎ ይጠይቃል። የሕግ አንቀጽ የታጨቀበት ሰሌዳ ማንም አያነብም። ቦታው ዋናው መግቢያ ብቻ መሆን የለበትም፤ ፎቶ ፈላጊ በዋናው በር አይገባምና ሰዎች እየረገጡ የሠሩት አቋራጭ የሚጀምርበት ላይም ይተከል።

ሰፊ መሬት ላላቸው አሜሪካ ውስጥ የተፈጠረው ብልሃት ያስደስተኛል። ቴክሳስንና ሚዙሪን በመሰሉ ግዛቶች በዛፍ ግንድ ወይም በአጥር ቋሚ ላይ የተቀባ ሐምራዊ መስመር «መግባት ክልክል ነው» ከሚል ጽሑፍ እኩል ይቆጠራል። የቴክሳስ ሕግ የመስመሩን ልክ ሳይቀር ይናገራል፦ ቁመቱ ከ8 ኢንች፣ ስፋቱ ከ1 ኢንች የማያንስ፣ ከመሬት ከ3 እስከ 5 ጫማ ከፍታ ላይ። ቀለም እንደ ሰሌዳ ተነቅሎ አይጣልም።

ምልክትዎ ግን ከአጥሩ ውጭ ሥልጣን የለውም። ማዶ መንገድ ላይ የቆመውን ሰው አያዝዝም።

ዕቃ የሚያደርሱ ሠራተኞች በሬን ፎቶ ያነሡታል። እነርሱስ?

እስከ በር ድረስ የሚወስደው መንገድ ለእንግዳ በዝምታ የተፈቀደ ነው፤ ሰው መጥቶ ሊያንኳኳ፣ ትንሽ ሊጠብቅ፣ መልስ ሲያጣ ሊመለስ ይችላል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2013 ፖሊስ አነፍናፊ ውሻ ይዞ ሰው ደጃፍ ላይ በመምጣቱ በተነሣ ክርክር ያለው ይህንኑ ነው፦ የዝምታው ፈቃድ ለማንኳኳት እንጂ ደጃፉን ለመበርበር አይሆንም። ለካሜራም ሚዛኑ ተመሳሳይ ሊሆን ይገባል። ጥቅሉ መድረሱን የሚያሳይ አንድ ፎቶ የመጣበት ሥራ ክፍል ነው፤ በተከፈተው በር ሳሎንዎን ማንሣት ግን አይደለም። በምስሉ ውስጥ የቤቱ ውስጥ ወይም ልጅ ከገባ ለድርጅቱ ጽፈው እንዲያጠፉት ይጠይቁ።

ሆቴል፣ ገበያ አዳራሽ ወይም ካፌ ለሁሉም ክፍት አይደለም እንዴ? እዚያ መከልከል ይቻላል?

ለሁሉም ክፍት መሆኑ የሕዝብ ንብረት አያደርገውም። ባለቤቱ ሰዎችን የጋበዘው ለመብላት፣ ለመግዛት ወይም ለማደር ነው፤ ካሜራን በተመለከተ የራሱን ደንብ ሊያወጣ ይችላል። ደንቡ ከሌለና ማንም ካልከለከለ ማንሣት ብዙውን ጊዜ ችግር የለውም። አስተናጋጁ «አይቻልም» ካለ በኋላ ግን እንግድነትዎ በእርሱ ቃል ላይ ነው፤ ውጡ ከተባሉም መውጣት ነው።

ተከራይ ነኝ። አከራዬ ቤቱን ሊያስተዋውቅ ገብቶ ፎቶ ሊያነሣ ይችላል?

ቁልፍ ስላለው ብቻ አይችልም። ባለንብረት መሆንና ባለይዞታ መሆን ይለያያሉ፤ በኪራይ ዘመኑ ቤቱ በእርስዎ እጅ ነው። አብዛኛው ሕግና ውል አስቀድሞ ማሳወቅን ይጠይቃል። ሲስማሙ ደግሞ ልብስዎ፣ መድኃኒትዎ፣ የቤተሰብ ፎቶዎ በማስታወቂያው ላይ እንዳይታይ በጽሑፍ ያስገቡ፤ ከወጣ በኋላ ከመቆጨት ይህ ይሻላል።

በመስኮት አሻግሮ የቤቴን ውስጥ ቢያነሣ ግን?

እዚህ ላይ የቆመበት ቦታ ዋጋው ያንሳል፤ ሌንሱ ያየው ይበልጣል። ጀርመን በ2004 በመኖሪያ ቤት ወይም ከዓይን በተከለለ ክፍል ውስጥ ያለን ሰው ያለፈቃዱ ማንሣትን ወንጀል አድርጋለች። ስዊድን በ2013 ተመሳሳይ ሕግ አወጣች። በፈረንሳይ በግል ቦታ ያለን ሰው ምስል ያለፈቃድ መቅዳት እስከ አንድ ዓመት እስራትና እስከ 45,000 ዩሮ መቀጮ ያስከትላል። ካሊፎርኒያ ደግሞ ልዕልት ዲያና በሞቱ በዓመቱ በ1998 ያወጣችው ሕግ ጠለቅ ያለ ሐሳብ አለው። አንድ ሰው አጥር ሳያልፍ ነገር ግን ቢገባ ብቻ ሊያየው ይችል የነበረውን የግል ሕይወት በመሣሪያ ኃይል ካነሣ፣ እንደ ገባ ይቆጠራል።

ሁሉም ቦታ ግን እንዲህ አይደለም። በኒውዮርክ አንድ የሥነ ጥበብ ፎቶ አንሺ ከራሱ አፓርታማ ሆኖ በረጅም ሌንስ የማዶ ጎረቤቶቹን፣ ልጆችን ጨምሮ፣ በመስታወታቸው አሻግሮ አንሥቶ ለኤግዚቢሽን አቀረበ። ቤተሰቦቹ ከሰሱ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2015 ሥራው የሚረብሽ መሆኑን ሳይክድ፣ የግዛቲቱ ሕግ የሚከለክለው ለንግድና ለማስታወቂያ መጠቀምን እንጂ የሥነ ጥበብ ሥራን አይደለም ብሎ ለፎቶ አንሺው ፈረደ።

የለንደኑ ጉዳይ የተለየ መንገድ ሄዷል። የቴት ሞደርን ሙዚየም በ2016 በከፈተው ሕንፃ አሥረኛ ፎቅ ላይ የመመልከቻ ሰገነት አለ፤ ፊት ለፊቱ ደግሞ ግድግዳቸው መስታወት የሆነ አፓርታማዎች። ጎብኚዎች ቀኑን ሙሉ ነዋሪዎቹን ያዩ፣ ያነሡ፣ በይነመረብ ላይ ይለጥፉ ነበር። «መጋረጃ ይስቀሉ» የሚለው ክርክር በመጀመሪያ ደረጃው ፍርድ ቤት ዘንድ ሰሚ አግኝቶ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በየካቲት 2023 በሦስት ለሁለት ድምፅ፣ ይህ ሁከት ነው አለ። ሰው በቤቱ ልክ በአራዊት ማሳያ እንዳለ እንስሳ እየታየ እንዲኖር አይገደድም፤ ራሱን የመከላከሉ ሸክምም የእርሱ አይደለም።

ምስሉ ላይ ቤቴ ብቻ ሳይሆን እኔ ወይም ልጆቼ ካለንበትስ?

ያን ጊዜ ጉዳይዎ ይጠነክራል፤ ቤት የግል ሕይወት የለውም፣ ሰው ግን አለው። ይህ ክርክር የተወለደው ካሜራ በኪስ ሊያዝ ከጀመረበት ዘመን ጋር ነው። ኮዳክ ለተራው ሰው የሚሆን ካሜራ ገበያ ላይ ባዋለ በሁለት ዓመቱ፣ በ1890፣ ሳሙኤል ዋረንና ሉዊስ ብራንዳይስ በሃርቫርድ የሕግ መጽሔት ላይ ስለ ግል ሕይወት መብት የጻፉት ጽሑፍ ቅጽበታዊ ፎቶን ከሥጋቶቹ አንዱ አድርጎ ይጠቅሳል። በ1902 የኒውዮርክ ፍርድ ቤት ምስሏ ሳትጠየቅ ለዱቄት ማስታወቂያ የዋለባትን ወጣት «መብት የለሽም» ብሎ ሲመልሳት ሕዝቡ ተቆጣ፤ በማግሥቱ ዓመት ሕግ ወጣ። ያ ሕግ ነው ከመቶ ዓመት በኋላ ከላይ ለተጠቀሰው ፎቶ አንሺ ያገለገለው።

የኢትዮጵያ የ1960 የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ያለፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ አንቀጽ 28 ደግሞ እንደ ታዋቂነት፣ የመንግሥት ሹመትና በአደባባይ የተፈጸመ ጉዳይ ያሉትን ይለያል። በሁሉም ዘንድ የሚታየው ነገር ማንሣትና ማሰራጨት ሁለት የተለያዩ ድርጊቶች መሆናቸው ነው። ማንሣቱን ማስቆም ሳይችሉ መለጠፉን ማስቆም ሊችሉ ይችላሉ።

ጎረቤቴ የሰቀለው የደኅንነት ካሜራ ግቢዬን ያያል። መብት አለው?

የራሱን በር መጠበቅ መብቱ ነው፤ የእርስዎን ጓሮ መቅረጽ ግን ሌላ ነገር ነው። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2014 ከቼክ በመጣ ጉዳይ ላይ፣ የቤት ካሜራ ከግቢው አልፎ የሕዝብ መንገድን ከቀረጸ «ለቤት ውስጥ አገልግሎት ብቻ» ተብሎ ከመረጃ ጥበቃ ሕግ ነፃ እንደማይሆን ወስኗል። በእንግሊዝም በ2021 አንድ ነዋሪ የበር ደወል ካሜራውና ሌሎች ካሜራዎቹ ጎረቤቱን በመቅረጻቸው ተፈርዶበታል፤ እዚያ ከምስሉ ይልቅ የከበደው ድምፅን ከሩቅ የሚቀርጽ መሆኑ ነበር።

ከክስ በፊት አብረው ይዩት። ካሜራው የሚያሳየውን በስልኩ ላይ እንዲያሳይዎት ይጠይቁ፤ ወደ እርስዎ የዞረ የሚመስለው ካሜራ አንዳንዴ የሚያየው የራሱን ግድግዳ ብቻ ነው። ካላመናችሁ ብዙዎቹ ካሜራዎች የምስሉን የተወሰነ ክፍል በጥቁር የሚሸፍን ቅንብር አላቸው። ለጎረቤት ይህ ይበቃል። ከጎረቤት ጋር ፍርድ ቤት መመላለስ አሸንፈውም ቢሆን ከዚያው አጥር ጎን መኖርን አያስቀርም።

ድሮን በግቢዬ ላይ ቢያንዣብብስ? ረጅም ዱላ ላይ ካሜራ አሥሮ አጥሬን ቢያሻግርስ?

በዱላው እንጀምር። እግሩ ውጭ ቢሆንም ዱላው ገብቷል። በእንግሊዝ በ1957 አንድ የንግድ ማስታወቂያ ሰሌዳ የጎረቤትን አየር 8 ኢንች ብቻ፣ ማለትም 20 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ በመሻገሩ ያለፈቃድ እንደ መግባት ተቆጥሮ እንዲነሣ ታዟል። አጥር ያለፈ ዱላም ከዚያ የተለየ አይሆንም።

ከፍ ሲሉ ግን የባለቤቱ መብት እየሳሳ ይሄዳል። በ1946 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የወታደር አውሮፕላኖች በ83 ጫማ ከፍታ እያለፉበት ዶሮዎቹ ደንግጠው ከግድግዳ ጋር እየተጋጩ የሞቱበትን ገበሬ አቤቱታ ሰምቶ፣ ባለመሬት ሊጠቀምበት የሚችለው ያህል አየር የራሱ ነው፣ እስከ ሰማይ የሚለው የድሮ አባባል ግን በዚህ ዘመን ቦታ የለውም አለ። በእንግሊዝ ሎርድ በርንስታይን ቤታቸውን ከአውሮፕላን አንሥቶ ሊሸጥላቸው የመጣውን ኩባንያ ከሰው በ1977 የተሸነፉት በዚሁ ምክንያት ነው። ዳኛው ግን አንድ በር ክፍት ትተዋል፦ ያለማቋረጥ ከላይ እየተከታተሉ ማንሣት ሁከት ሊሆን ይችላል።

ድሮን በሁለቱ መካከል ይውላል፤ ከአውሮፕላን ዝቅ፣ ከዱላ ከፍ ይላል። ካሊፎርኒያ በ2015 ሕጓን አሻሽላ ያለፈቃድ በሰው መሬት አየር ውስጥ ገብቶ የግል ሕይወትን መቅረጽን ጨምራለች። በአውሮፓ ኅብረት ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ካሜራ ያለው ድሮን የሚያበር ሰው፣ መጫወቻ ካልሆነ በቀር፣ መመዝገብና ቁጥሩን መለጠፍ አለበት። ሊመቱት አይሞክሩ። በአሜሪካ ድሮን እንደ አውሮፕላን ስለሚቆጠር መትቶ መጣል የፌዴራል ወንጀል ሊሆን ይችላል፤ የተተኮሰው ጥይትም የሆነ ቦታ ያርፋል። ሰዓቱን ይጻፉ፣ ይቅረጹት፣ የሚያርፍበትን አቅጣጫ ይከተሉ፤ አብራሪው አብዛኛውን ጊዜ ከሚታይበት ርቀት ላይ ቆሟል።

ፎቶው በይነመረብ ላይ ወጥቷል። እንዴት ላስነሣው?

መጀመሪያ የገጹን ምስልና አድራሻ አስቀምጡ፤ ከተነሣ በኋላ ማስረጃ አይገኝም። ቀጥሎ ለለጠፈው ሰው በአጭሩና በትሕትና ይጻፉ። እምቢ ካለ ለመድረኩ ያመልክቱ፤ በማመልከቻው ላይ «ቤቴ ነው» ከሚለው ይልቅ «ልጄ ፊቷ ይታያል» ወይም «የቤቱ አድራሻ ተጽፏል» የሚለው ይሰማል። በጉግል የመንገድ እይታ ላይ ደግሞ ችግር ማሳወቂያውን ተጠቅመው ቤትዎ እንዲደበዝዝ መጠየቅ ይችላሉ። በጀርመን በ2010 አገልግሎቱ ሊጀመር ሲል 244,000 ያህል ቤተሰቦች ይህን ጠይቀዋል። የደበዘዘ ቤት ወደ ቀድሞው መልኩ ስለማይመለስ አስበው ያድርጉት።

ድምፅ ከማሰማት በፊት ግን የአሜሪካዊቷን ዘፋኝ የባርብራ ስትራይሳንድን ነገር ያስታውሱ። የካሊፎርኒያን ጠረፍ መሸርሸር ለመመዝገብ ከተነሡ 12,000 ያህል የአየር ላይ ፎቶዎች በአንዱ ላይ ማሊቡ ያለው ቤታቸው ስለታየ በ2003 የ50 ሚሊዮን ዶላር ክስ መሠረቱ። ከክሱ በፊት ያንን ምስል ያወረዱት ስድስት ጊዜ ብቻ ሲሆን ሁለቱ የራሳቸው ጠበቆች ነበሩ። ከክሱ በኋላ በአንድ ወር ከ420,000 በላይ ሰው ገጹን ጎበኘ። ክሱም ውድቅ ሆነ፣ የተከሳሹን የጠበቃ ወጪም እንዲከፍሉ ተወሰነባቸው።

ብከስ ካሳ አገኛለሁ?

ጉዳት ካላሳዩ የሚያገኙት ገንዘብ ሳይሆን «ልክ ነህ» የሚል ቃል ነው። በፔንሲልቬኒያ የሚኖሩ ባልና ሚስት የጉግል መኪና የግል መንገዳቸውን ይዞ ገብቶ ቤታቸውን በማንሣቱ በ2008 ከሰሱ። ፍርድ ቤት የግል ሕይወት ክሳቸውን ጣለው፤ ያለፈቃድ የመግባቱን ክስ ብቻ አስቀረ። ጉዳዩ በ2010 ያለቀው በአንድ ዶላር ነው። እኔ ብሆን ገንዘብ ከመጠየቅ ይልቅ እንዳይደገም የሚያግድ ትእዛዝ እጠይቃለሁ፤ የሚመላለስ ሰውን የሚያስቆመው ይህ ነው።

ያለፈቃድ ገብቶ ያነሣው ፎቶ የማን ነው? ቢሸጠውስ?

የቅጂ መብቱ በመሠረቱ የአንሺው ነው፤ አጥር ማለፉ ይህን መብት ወዲያው ወደ እርስዎ አያዞረውም። የአውስትራሊያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2001 በድብቅ ወደ አንድ የሥጋ ማዘጋጃ ድርጅት የገቡ ሰዎች የቀረጹት ምስል በቴሌቪዥን እንዳይታይ ድርጅቱ ያቀረበውን ጥያቄ አልተቀበለም፤ የተላለፈው በሌላ ወገን ነበርና ገብቷል አልተባለም።

ጀርመን ውስጥ ግን ለባለቤት የሚመች ውሳኔ አለ። በ2010 መጨረሻ የፌዴራሉ ፍርድ ቤት ሳንሱሲን የመሰሉ የፕሩሲያ ቤተ መንግሥቶችን የሚያስተዳድረው ተቋም ባቀረበው ክስ ላይ፣ ከግቢው ውስጥ ተቆሞ የተነሣ ፎቶ ለንግድ እንዳይውል ባለቤቱ ሊከለክል ይችላል ብሏል። ከ1989ኙ ውሳኔ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንሺው የቆመው ከአጥሩ በየትኛው በኩል ነው የሚለው። ስለዚህ ለጎብኚ በራቸውን የሚከፍቱ ሰዎች በመግቢያ ትኬቱ ላይ «ለግል ማስታወሻ ብቻ» ብለው ቢጽፉ ዋጋ አለው።

እርሻዬ በማኅበራዊ መገናኛ ታውቆ ሰው ጎርፏል። ምን ላድርግ?

ይህ ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ ጥፋተኛው አንድ ሰው ሳይሆን ብዙ ስለሆነ እያንዳንዱን «ውጣ» ማለት አይቻልም። በቬርሞንት የፖምፍሬት ከተማ በመጸው ቅጠል ውበቱ የታወቀ አንድ የግል እርሻ አለ። ሰዎች በሩን አልፈው እየገቡ፣ ልብስ መቀየሪያ ድንኳን እየተከሉ፣ መኪናቸው ጉድጓድ እየገባ ነዋሪውን ሲያስመርሩ ከተማዋ በ2023 ከመስከረም 23 እስከ ጥቅምት 15 መንገዱን ለነዋሪ ካልሆነ በቀር ዘጋችው። ያቆማቸው ይህ እንጂ ሰሌዳ አልነበረም።

«ገንዘብ አስከፍዬ ላስገባ» የሚለው ሐሳብም ወጥመድ አለው። በካናዳ ኦንታሪዮ አንድ የሱፍ አበባ እርሻ በ2018 በሩን በክፍያ ከፈተ፤ በቀናት ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ መኪኖች መንገዱን ዘግተው ፖሊስ ገባበት፣ እርሻውም ለጎብኚ ተዘጋ። ከሞከሩት በቀጠሮና በተወሰነ ቁጥር ይሁን። ገንዘብ ከተቀበሉ በኋላ ጎብኚው እግሩን ቢሰብር ተጠያቂነቱ ስለሚያድግ ኢንሹራንስዎን አስቀድመው ይጠይቁ። የሚያነሡትንም የቦታውን ስም እንዳይጽፉ ይለምኗቸው፤ ሕዝብ የሚጠራው ፎቶው ሳይሆን ከሥሩ የተጻፈው አድራሻ ነው።

የገባው ጋዜጠኛ ቢሆንና ያነሣው እውነተኛ ጥፋት ቢሆንስ?

ሁለት መልስ አለው፤ ሁለቱም እውነት ናቸው። ጋዜጠኝነት የመግቢያ ፈቃድ አይደለም። በ1971 የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ ሐሰተኛ ሐኪምን ለማጋለጥ በድብቅ ካሜራ ቤቱ ገብተው የቀረጹ ጋዜጠኞችን ተጠያቂ ሲያደርግ ይህንኑ ተናግሯል። በ1999 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፖሊስ ሰው ቤት ሲገባ ጋዜጠኛና ፎቶ አንሺ ይዞ መግባቱ የቤቱን ሰው ሕገ መንግሥታዊ መብት ይጥሳል አለ። የመያዣ ትእዛዝ የተሰጠው ለፖሊስ እንጂ ለካሜራ አልነበረም።

ሌላው መልስ፣ ያጋለጠው ነገር እውነት ከሆነ የመግባቱ ዋጋ ትንሽ ሊሆን ይችላል የሚል ነው። የአሜሪካው ቴሌቪዥን የኤቢሲ ዘጋቢዎች ሐሰተኛ የሥራ ማመልከቻ አቅርበው በፉድ ላየን መደብሮች ተቀጠሩ፤ የሥጋ አያያዙን በድብቅ ካሜራ ቀርጸው በ1992 አስተላለፉ። መደብሩ ዘገባው ሐሰት ነው ብሎ አልከሰሰም፤ ስለ ማጭበርበርና ያለፈቃድ ስለ መግባት ነበር ክሱ። በ1997 ዳኝነት የተቀመጡ ሰዎች ከ5.5 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈረዱለት። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ1999 ያጸናለት ሁለት ዶላር ነው፦ አንዱ ዶላር ለመግባታቸው፣ ሌላው ለቀጣሪያቸው ባለመታመናቸው።